ደላላ ሆኜ የዋልሁበት የዶርዜ ገበያ

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ሰሞን አባቴ ከደብረ ማርቆስ በየሳምንቱ እየደወለ «መቼ ነው የምትመጪው?» ይለኝ ነበር። እኔም በየሳምንቱ አንድ ምክንያት አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ። አንዴ ዲግሪው ገና አልተሰጠንም፣ አንዴ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል፣ አንዴ ጓደኛዬን ወባ ይዟታል። እውነቱ ግን አርባ ምንጭን መልቀቅ አልፈለግሁም። ሙቀቱን ስረግም፣ ትንኙን ስረግም፣ የተማሪ ካፌውን ወጥ ስረግም ኖሬ፣ ልሄድ ሻንጣዬን ሳነሳ ከተማው እግሬን ያዘኝ። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ቁልቁል ሲታዩ የሚያፈዙትን ሁለት ሐይቆች፣ ከአንዱ ሐይቅ ከጫሞ በጠዋት የመጣውን ዓሣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ላይ ለብለብ አድርገው ሲያቀርቡልን ከጓደኞቼ ጋር የምንሻማውን ሽሚያ፣ ይህን ሁሉ ትቼ የት እሄዳለሁ? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰው ያለ ምክንያት ደስ የሚለው ዕድሜ አለ፤ እኔ እዚያ ላይ ነበርሁ።

አንድ ቀን ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት «የማኅበረሰብ አወያይ» ይፈልጋል። ቢሮው ሁለት ክፍል ነበር፤ በአንዱ ኃላፊው፣ በሌላው የጀሪካን መዓት ተቀምጦበታል። ኃላፊው የዚያው የጋሞ አገር ሰው ናቸው፤ ሰፊ ሆድና ቀጭን ድምፅ ያላቸው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቡና ዓይነት ኮታቸውን የማያወልቁ።

«ተራራ ትወጫለሽ?» አሉኝ።

«እወጣለሁ።»

«ብርድ ትችያለሽ?»

«የጎጃም ልጅ ነኝ እኮ።»

«ሰው ፊት መናገርስ?»

«መናገሩ አያቅተኝም። ማቆሙ ነው የሚያቅተኝ።»

ሆዳቸው እስኪናወጥ ሳቁና ቀጠሩኝ። ሥራውን ያስረዱኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ዙሪያ፣ ልጆች ለሽመና እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳሉ። ሴቶቹ ደግሞ ጥጥ ሊፈትሉ፣ ሕፃን ሊያዝሉ፣ የሰው ቤት ሊያገለግሉ ይሄዳሉ። ወሳጁ ብዙ ጊዜ ባዳ አይደለም። አጎት ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የክርስትና አባት ነው። «አስተምረዋለሁ» ይላል፤ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ ትምህርት ቤት በር ሳይረግጥ ያድጋል። የእኛ ሥራ ከአገሩ ሰው ጋር ሆኖ ይህን ማስቀረት ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ የዶርዜ ልጅ ነው። ከእኔ ሦስት አራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቁመቱ ደግሞ ከእኔ ላይ ሌላ ሰው ቢደረብ ነው። ሳይጎነበስ የሚገባበት በር አላየሁም። እሱ ከጋሞኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ እየመለሰልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደጋው ስንወጣ፣ መኪናው በየጠመዝማዛው ሲታጠፍ፣ መንገድ ዳር ያሉ ልጆች ቱሪስት የመጣ መስሏቸው በእጃቸው ቆመው እየጨፈሩ ሲከተሉን፣ እኔ በመስኮቱ ወገቤ ድረስ ወጥቼ አጨበጭብላቸው ነበር። ከታች በሸሚዝ ተነስቼ ከላይ ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጉሙ በቀርከሃው መሃል ይሄዳል፤ ቤቶቹ እንደ ዝሆን ፊት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ጨርቄን ማቄን ሳልል እዚያው ልቅር አልሁ።

በዚያ ጉዞ ላይ ነው የራሱን ታሪክ የነገረኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አንድ የሩቅ ዘመድ አዲስ አበባ ወሰደው። ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ለእሱ በጣም ጥልቅ ስለነበረ እግሩ መርገጫው ላይ እንዲደርስ ከሥሩ ድንጋይ ተደረገለት። ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራል፤ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይተኛል። አሥራ አምስት ሲሞላው አምልጦ በጭነት መኪና መጣ፤ አንደኛ ክፍል ገባ።

«ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ ነበር» አለኝ። «መምህሩ ገና ሲገባ ወላጅ መስዬው ‹ጌታዬ፣ ልጅዎ የቱ ነው?› አለኝ።»

እሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔ መሳቅ እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ግራ ገብቶኝ ቆየሁና በመጨረሻ አብሬው ሳቅሁ። በዚያን ሰሞን የማታ አሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎቻችን አሳፋሪዎች ነበሩ። ትልልቅ ወረቀት እንጨት ላይ ሰቅዬ በሦስት ቀለም እስክርቢቶ እየጻፍሁ ስለ ሕፃናት መብት አስተምራለሁ። ሰዉ ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ያጨበጭባል፤ ቆጮ በዳጣ ያበላናል፤ ይመርቀናል። በሳምንቱ ስንመለስ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያጨበጨቡት ሰዎች ልጅ ሄዷል። አንዴ እንዲያውም የጻፍሁበትን ወረቀት አንዲት ሴትዮ ለምናኝ ወሰደች። ጽሑፉን ወዳው መስሎኝ ደስ ሲለኝ፣ ለካ ነፋስ የሚያስገባውን የቤቷን ቀዳዳ ልትለጥፍበት ኖሯል። እሷው ናት ነገሩን በግልጽ የነገረችን።

«እናንተ የምትሉት ይገባናል» አለች፤ ባልደረባዬ ተረጎመልኝ። «ግን መስቀል ሲመጣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ ይመጣል። እኛ የምናየው ጫማውን ነው። እዚያ እንዴት እንደሚኖር አላየን።»

ስንመለስ ጠመዝማዛውን ጨርሰን ሙቀቱ ሲቀበለን ባልደረባዬ ድንገት ዞር ብሎ «እናሳያቸው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን።»

ድራማ እንሥራ ነው የሚለው። ኃላፊያችን ሐሳቡን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሱ። ለዝግጅቱ ያለን ጊዜ አጭር ነው፤ ከመስቀል በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ገበያ ላይ መቅረብ አለበት። ለበዓል የመጡት ሰዎች ልጅ ይዘው የሚመለሱት በዚያ ሰሞን ነውና። ልጅ የሚወስደውን ደላላ የአካባቢው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንዲጫወት ተስማማን። መምህሩ ግርማ ሞገስ ያለው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። ልጁን ማን ይጫወት ሲባል ባልደረባዬ «እኔ» አለ። ሁላችንም ወደ ቁመቱ አሻቅበን አየንና ተያየን። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። «ሕፃን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለቀልድ እንኳ አላስገባም» አለ። ስለዚህ ባለ ሁለት ሜትሩ ሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሊሆን ቁምጣ ተሰፋለት።

የገበያው ዕለት ጠዋት ዶርዜ ስንደርስ የስፖርት መምህሩ ፊቱን በነጠላ ጠምጥሞ መጣ። ጥርሱ አሞት ጉንጩ ፓፓያ አክሏል፤ አፉ አይከፈትም። ኃላፊያችን ራሳቸውን ያዙ። ደላላው ከአዲስ አበባ የመጣ ስለሆነ የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ቃሉን በሙሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሦስቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አይሆንም!» አልሁ። «እኔ ሴት ነኝ! ደግሞ ቁመቴን እዩት!»

ኃላፊያችን ያን የማይወልቀውን ቡና ዓይነት ኮት አወለቁ። ሲያወልቁት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኮቱ ጉልበቴ ድረስ ደረሰ። ሹሩባዬ ባርኔጣ ውስጥ ተጠቀጠቀ። መምህሩ በታመመ አፉ እያቃሰተ በከሰል ሪዝ ሣለልኝ፤ ቀኙ ከግራው ስለበለጠበት ግራውን ጨመረ፤ ያኛው በለጠና ቀኙን ጨመረ፤ በመጨረሻ ሪዜ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ባልደረባዬ በቁምጣ ቆሞ አየኝ። እኔም ያንን ማለቂያ የሌለው ባዶ እግር አየሁ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሣር ላይ ተዘርግተን ነው የሳቅነው።

ገበያው መሃል በልጆች ጩኸትና በከበሮ ቦታ ተለቀቀልን። ዙሪያውን ሰው ሞላ፤ ሰዎች አጥር ላይ ወጡ። መናገር ማቆም የሚያቅተኝ ሰው፣ የመጀመሪያውን ቃሌን በልቤ እየደጋገምሁ ወደ መሃል ገባሁ።

«እናንተ የዋሆች!» አልሁ፣ ድምፄን እንደ በሬ አወፍሬ። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት! ልጃችሁን ስጡኝ! በመብራት ይማራል፣ ቴሌቪዥን ያያል፣ በየቀኑ ሥጋ ይበላል፣ ለመስቀል በቆዳ ጃኬት ይመለስላችኋል!»

«እኔንም ውሰደኝ!» አለ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ላይ። ሳቁን ተራራው አስተጋባ። እኔም ልቤ ሞቀ። ከእንግዲህ ማን ይመልሰኝ! ሽማግሌውን ጥርሱን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ አሳየኝ፤ «ሥጋ የምትበላበት የለህም፣ ቅር!» አልሁት። ያ ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ባልደረባዬ ያን ሁሉ ቁመቱን በጉልበቱ ተንበርክኮ አሳጥሮ፣ አንድ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲመጣ ደግሞ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እጁን ይዤ ጎተትሁት። ተንበርክኮ ተከተለኝ።

ቀጣዩ ትዕይንት ሽመናው ነው። ጠዋት መሬቱን ቆፍረን የሸማ ዕቃ ተክለን ነበር። ገባ፤ እግሩን አወረደ፤ ድሩን ያዘ። እኔ «ቶሎ በል! ለነገ ሁለት ጋቢ ይደርሳል!» እያልሁ በቀርከሃ መሬቱን እደበድባለሁ። እሱ መሥራት ጀመረ። የሚያውቀው ሥራ ነውና ጣቶቹ መወርወሪያውን ሲወረውሩት አይታዩም። ከዚያ ሳይጻፍለት በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሳቁ ግን ቀጥ አለ። ኋላ ጠይቄው እንደነገረኝ ያለው፦ «እማዬ፣ ብርዱ እዚህም አለ። አንቺ ነሽ የሌለሽው።»

ቀርከሃዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። ወዲያው ከጀርባዬ ሰዎች ሲገፋፉ ሰማሁና ስዞር አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት መሃል ገብተው የኮቴን አንገት ጨመደዱት። ጉልበታቸው! ሁለቴ ሲነቀንቁኝ ባርኔጣው ወደቀ፤ ሹሩባዬ ትከሻዬ ላይ ተዘረገፈ። ሴትዮዋ ሹሩባውን አዩ፤ ሪዙን አዩ፤ እንደገና ሹሩባውን አዩ።

«አንተ ሴት ነህ እንዴ?» አሉኝ በአማርኛ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ኃላፊያችን በእጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፤ አንገቴንም አልለቀቁም።

«ሴትም ሁን ወንድ፣ ልጄን አትወስድም!»

ገፍተውኝ ወደ ጉድጓዱ ሄዱና የባልደረባዬን እጅ ያዙ። ጎተቱት። እሱ ወጣ፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሴትዮዋ ደረቱ ላይ እንኳ አልደረሱም። ያኔ ነው ፊታቸውን ከፊቱ ጋር አስተያይቼ የገባኝ። እናቱ ናቸው። ወደ ሰዉ ዞረው በጋሞኛ ጮኸው መናገር ጀመሩ፤ እሱ ሥራው ነውና በዚያ ሁኔታው እንኳ እየተረጎመልኝ ነበር።

«ያን ጊዜ ‹ይማራል› አሉኝ፤ ስንቅ ቋጥሬ ሸኘሁት። ስድስት ዓመት በየመስቀሉ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁት። ሲመለስ ‹እንዴት ነበር?› አልሁት፤ ‹ደህና ነበር› አለኝ። ጉድጓዱን ያየሁት ዛሬ ነው። ይኸው፣ ዛሬ አልሸኝም!»

ድራማው ያለቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ትዕይንት ይቀር ነበር፤ ፖሊስ ሊመጣ፣ ዳኛ ሊፈርድ፣ እኔ ልታሰር። ማንም አልጠየቀም። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከበሮው ተመታ፤ «ዮ! ዮ!» እያሉ ወንዶቹ ዘለሉ። እናትና ልጅ መሃል ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። እኔን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘው አስጨፈሩኝ። ላቤ ከሰሉን አጥቦ አፌ ውስጥ አስገባው። እስኪመሽ ድረስ ልጆች እያዩኝ ይሸሹና መልሰው ይከተሉኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የአገሩ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ጉዳዩን ሊመክሩበት ተቀመጡ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ሸንጎ የሚቀመጥበት ሜዳ ነው። በዚያን ጊዜ ሴት ገብታ መናገሯ ያልተለመደ ስለነበረ እኔ ራቅ ብዬ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። ከመሃል አንዱ አባት ቀና አሉና «ደላላው ይምጣ» አሉ። በደላላነቴ ገባሁ።

ነገሩ ግን እንደ ገበያው ቀን ቀላል አልነበረም። አንድ ደልደል ያለ ሸማኔ ተነሳ። «እኔ ሸማ የተማርሁት በሰባት ዓመቴ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነው» አለ። «ሙያችን ነው፤ ክብራችን ነው። ልጄን ሳስተምር ልትከሱኝ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ባልደረባዬ አየሁ። ባልደረባዬ ቀስ ብሎ «ልጠይቅህ» አለው። «ስትማር ማታ የት ነበር የምትተኛው?»

«እናቴ ቤት።»

«ሲርብህስ?»

«እበላለሁ።»

«ሲደክምህስ?»

ሸማኔው ፈገግ አለ። «ፍየል ጠፋች ብዬ እሮጥ ነበር።»

«እንግዲህ እኔ የምሮጥበት ፍየል አልነበረኝም» አለ ባልደረባዬ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሸማኔውም ሳቀ፤ ቁጭ አለ። ቀኑን ሙሉ ሲመክሩ ውለው፣ የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ልጅ ከትምህርት ሲመለስ ከአባቱ ጎን ሸማ ይማር። ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርስ ግን ለሥራ ብሎ መኪና ላይ አይወጣም። ልጅ የወሰደ ሰው፣ ዘመድም ይሁን፣ ቤቱ ለቅሶ ቢሆን የሚደርስለት የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሲሰሙ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ወረቀት ላይ ከጻፍሁት ሕግ ሁሉ ይህች እንደምትከብድ ያን ዕለት ተማርሁ።

ድርጅታችንም የቻለውን አደረገ። እናቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ገቢ እንዲያገኙ ሴት በጎችና የአፕል ችግኝ አመጣንላቸው። የማኅበሩ ሊቀመንበር የባልደረባዬ እናት ሆኑ፤ እኔን እስከ መጨረሻው «አንተ» ነው የሚሉኝ፤ እኔም እንዲያስተካክሉ ፈልጌ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ «ክፍል ጠበበን» ሲል አባቶች ቀርከሃ ቆርጠው ተጨማሪ ክፍል ሠሩ። ሸማኔዎች የሠሩት ግድግዳ ስለሆነ ዙሪያውን ጥለት ነበረው። እንደዚያ የሚያምር ክፍል በዩኒቨርሲቲ ዘመኔም አልተማርሁበትም።

የቀረን መናኸሪያው ነበር። ሲቀላ ላይ አውቶቡስ የሚያሳፍሩትን ተራ አስከባሪዎች ሰብስበን፣ ልጅ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የቀበሌ ደብዳቤ እንዲጠይቁት ተስማማን። ስልኬንም ሰጠኋቸው። አንድ ቀን ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ፣ ቶሎ ድረሺ! ያዝነው!» ይላል አንዱ።

«ማንን?»

«ደላላውን! ሁለት ልጅ ይዟል! ደብዳቤ የለውም! ሊያመልጥ ሲል ባጃጅ መንገድ ዘግቶበታል!»

ፊቴን ሳልታጠብ ባጃጅ ይዤ በረርሁ። መናኸሪያው በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ገፍቼ ስገባ ሁለት ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሙዝ ይበላሉ፤ ተራ አስከባሪዎቹ ገዝተውላቸው ነው። ከጎናቸው በአራት ጎረምሳ ተከበው የቆሙት ኃላፊያችን ናቸው። የገዛ ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ለእህታቸው ሠርግ ሊሄዱ ኖሯል።

«ንገሪያቸው!» አሉ በቀጭን ድምፃቸው። «ልጆቼ ናቸው ብላቸው አልሰማ አሉኝ!»

«እንዴት ጠረጠራችኋቸው?» አልሁት የደወለልኝን። የዶርዜ ልጅ ነው፤ ኩራት ሊያፈነዳው ደርሷል።

«ኮቱን አየሁታ! ገበያ ላይ ደላላው ለብሶት የነበረው ኮት ነው!»

ኃላፊያችን ኮታቸውን ቁልቁል አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የደወለልኝን ጎረምሳ ትከሻውን ይዘው ሳሙት። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ። «ሠርቷል!» ይላሉ። «ሥራችን ሠርቷል!» አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ፤ ሠርጉ ላይ የደረሱት ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ነው። ለእህታቸው ምን እንዳሏት አልነገሩንም።

ሁሉንም አስቀረን ማለቴ አይደለም። መናኸሪያው ሲጠበቅ በእግር ዞረው በሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። አንድ አባት ልጁን ልኮ በዚያው ወር ከዱቡሻው ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቻለሁ፤ ልጁን ለማግኘት ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። አዲስ አበባ ያለ ሌላ ድርጅት እያፈላለገ፣ እኛ ከወላጅ ጋር እየተነጋገርን፣ ጥቂት ጥቂቱን መመለስ ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹን ሰባት ልጆች በሚኒባስ ያመጣናቸው እኔና ባልደረባዬ ነን። ከዶርዜ ጠመዝማዛ ግርጌ ጀምሮ ልጆቹ መዝፈን ጀመሩ፤ በሁለተኛው ጥምዝ ላይ ማስመለስ ጀመሩ፤ እየዘፈኑ እያስመለሱ፣ እየሳቁ እያስመለሱ ደረስን። የባልደረባዬ እናት ከማኅበሩ ሴቶች ጋር መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ከሰባቱ አንዷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ስትኖር ጥጥ እየፈተለች የአሠሪዋን ሸማኔ ሕፃን ስታዝል ነበር። ከመኪናው እንደወረደች እናቷን አየቻት። እናቷ ሮጣ ስትይዛት የልጅቷ የመጀመሪያ ቃል «ትምህርት ቤቱ ዛሬ ክፍት ነው?» የሚል ነበር። ቅዳሜ ነበር። ሰኞን እስክትጠብቅ ሁለት ቀን በየሰዓቱ ስትጠይቅ እናቷ ልታብድ ደረሰች።

በጥለቱ ክፍል፣ አንደኛ ክፍል፣ ከስድስትና ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አስቀመጧት። ባልደረባዬ በየሳምንቱ እየሄደ ፊደል ያስቆጥራታል። እሱም በዚያው ዓመት ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጅ ስለነበር፣ አንዳንዴ እሷ «ሀ ሁ» ስትል እሱ ከጎኗ ሒሳብ ሲሠራ አገኛቸው ነበር።

የመንፈቀ ዓመቱ ውጤት የተሰጠ ቀን እዚያ ነበርን። የትምህርት ቤቱ ሜዳ በጉም ተሸፍኗል። ልጅቷ ካርዷን ከፍ አድርጋ ከጉሙ ውስጥ እየሮጠች ወጣች።

«ሁለተኛ ወጣሁ! ሁለተኛ!»

ባልደረባዬ ካርዱን ተቀበላት። እኔም በክንዱ ሥር ሾልኬ አየሁ። ደረጃ፣ ከአርባ ሦስት ተማሪ አርባ ሁለተኛ። ሁለቱን ቁጥሮች እንዴት እንዳነበበቻቸው እንጃ፤ አርባውን ገና አልደረሰችበትም መሰለኝ። ባልደረባዬ አየኝ። አየሁት። ከዚያ ያን ሁሉ ቁመቱን ይዞ ዘለለና «ሁለተኛ!» ብሎ ጮኸ።

እናቷ እልል አለች። የማኅበሩ ሴቶች ተቀበሏት። የባልደረባዬ እናትም «አንተ፣ ሁለተኛ ወጣች እኮ!» ብለው እጄን ጎተቱኝ። ከየት በኩል ሁለተኛ እንደሆነች ማንም አልጠየቀም፤ እኛም አልተናገርንም። ያን ዕለት ትንፋሽ እስኪያጥረን ድረስ በጉሙ ውስጥ ጨፈርን።